ከወይብ እስከ ያዶት፦ የሁለት ዓሦች ታሪክ

ወደ ባሌ የሚጓዝ ሰው ስለ ዓሣ አያስብም። ስለ ቀይ ቀበሮ ያስባል፤ ስለ ደጋ አጋዘን፣ ስለ ሳነቴ ብርድ፣ ስለ ሶፍ ዑመር ዋሻ፣ ስለ ሐረና ደን ቡናና ማር ያስባል። ዓሣ ያማረው መንገደኛ ዝዋይ ወይም ሐዋሳ ላይ ቆም ብሎ አምሮቱን ቆርጦ ያልፋል እንጂ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 3,000 ሜትር ግድም ከፍ ባለው፣ ሌሊት ሌሊት ውርጭ በሚወርድበት በዲንሾ ሜዳ ዓሣ አገኛለሁ ብሎ መንጠቆ ይዞ አይወጣም። ዓሣው ግን አለ። በዳንካ፣ በወይብ፣ በሻያ፣ ከጎባ አጠገብ በምትፈሰው በጦጎና ጭምር፣ ጎኑ ላይ ጥቁርና ቀይ ነጠብጣብ የተረጨበት፣ ሆዱ ወደ ቢጫ የሚያደላ፣ ከጥላ ሁሉ የሚሸሽ ዓሣ አለ። ትራውት ይሉታል። አማርኛችን የራሱን ስም ሳያወጣለት በባዕድ ስሙ እንደተጠራ ቀርቷል።

በባዕድ ስም መጠራቱ አግባብ ነው፤ የዚህ አገር ተወላጅ አይደለምና። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መገባደጃና በ1970ዎቹ መባቻ፣ የዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመነ መንግሥት ወደ ማምሻው ሲያዘነብል፣ ከኬንያ መጥቶ በባሌ ደጋ ወንዞች የተለቀቀ ነው። ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ ቡናማው ትራውት፣ ሁለተኛው ቀስተ ደመና የሚሉት። እኔን ለዓመታት ሲያመራምረኝ የኖረው ዓሣው እንዴት መጣ የሚለው ብቻ አልነበረም። ለማን መጣ? ከመጣስ በኋላ ወንዙና የወንዙ ሰዎች ምን ሲያዩ ኖሩ? እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች ይዤ ነው ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ሙሉ ቀን ከዲንሾ እስከ ደሎ መና ዓሣ በማጥመድ የዋልሁት። የቀኑን ነገር ከማንሣቴ በፊት ግን ዓሣው የመጣበትን መንገድ ከምንጩ ጀምሮ መከተል ያስፈልጋል። መንገዱ ረጅም ነው።

ዓሣ በራሱ ኃይል ተራራ አይሻገርም። ውቅያኖስ የሚያሻግረውም ሁሉም ዓሣ አይደለም። ትራውትን ለስደት የተመቸ ያደረገው ዕንቁላሉ ነው። የትራውት ዕንቁላል እርጥበትና ብርድ ካላጣ ለመፈልፈል ሳምንታት ይፈጅበታል፤ እንዲያውም ብርዱ በጸና ቁጥር ይዘገያል። ይህን የተረዱ እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1864 ኖርፎክ በተባለች መርከብ ላይ በእንጨት ሣጥኖች ውስጥ እርጥብ የድንጋይ ሽበት አንጥፈው፣ ዕንቁላሉን በላዩ ደርድረው፣ ሣጥኖቹን በበረዶ ክምር ቀብረው ከለንደን አውስትራልያ ላኩ። መርከቢቱ ሦስት ወር ገደማ በባሕር ላይ ቆይታ፣ የምድር ወገብን የመሰለ እሳት አቋርጣ ስትደርስ፣ ከዕንቁላሉ የተረፈው ተርፎ በታዝማኒያ ደሴት ተፈለፈለ። ከዚያች ቀን ወዲህ ትራውት የቅኝ ገዢ ጓዝ ሆነ። እንግሊዛዊ በሰፈረበት ደጋ ሁሉ ቤተ ክርስቲያኑ፣ ክበቡ፣ የፈረስ ግልቢያ ሜዳው ይተከላል፤ ከዚያ ወንዙን ያያል፤ ወንዙ ቀዝቃዛና ጥሩ ከሆነ የሚጎድለው አንድ ነገር ብቻ ይመስለዋል። ናፍቆት ነው ነገሩ። ሰው አገሩን ይዞ መሄድ ባይችል የአገሩን ዓሣ ይዞ ሄደ።

አሜሪካኖች ደግሞ ይህንኑ በባቡር አደረጉት። በካሊፎርኒያ ሳክራሜንቶ ከተማ የሚኖር አንድ የቆየ ወዳጄ ከብዙ ዓመታት በፊት በጻፈልኝ ደብዳቤ በዓሣ ማጥመድ ስለዋለበት አንድ ቀን አጫውቶኝ ነበር። ጠዋት ጎኑ ላይ ጥቋቁር መስመሮች የተሰመሩበትን፣ ስትራይፕድ ባስ የሚባለውን ዓሣ አወጣ። ከቀትር በኋላ በዚያው ውኃ ውስጥ ስተርጀን ያዘ። ስተርጀን ማለት በቅርፊት ፈንታ የአጥንት ጥሩር የለበሰ፣ ዘሩ ከዳይኖሰሮች ዘመን የሚቆጠር፣ ዕድሜው ቢሰጠው መቶ ዓመት የሚጠጋ ግዙፍ ፍጡር ነው። ወዳጄ ግማሽ ሰዓት ታግሎት፣ ጀልባዋ ጎን ሲደርስ አይቶት፣ ክሩን ቆርጦ ለቀቀው። «አያቴን ያጠመድሁ መሰለኝ» ብሎ ነበር የጻፈልኝ።

ደብዳቤውን ሳነብ ሁለቱም የዚያው ውኃ ልጆች መስለውኝ ነበር። አይደሉም። ስተርጀኑ የአገሩ ባላባት ነው። ባሱ ግን እ.ኤ.አ. በ1879 ከአትላንቲክ ዳርቻ ከኒው ጀርሲ ወንዝ ተይዞ፣ 130 ገደማ የሚሆኑ ጫጩቶች በወተት ማሰሮና በበርሜል ውስጥ ሆነው፣ በባቡር አህጉሩን አቋርጠው ሳን ፍራንሲስኮ አጠገብ የተለቀቁ ስደተኞች ልጅ ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ 300 ያህል ተጨመሩ። ሃያ ዓመት ሳይሞላ ገበያው በባስ ተጥለቀለቀ፤ በአንድ ዓመት ከአንድ ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ይሸጥ ጀመር። በዚያው ዘመን ባላባቱ ስተርጀን ለሥጋውና ለዕንቁላሉ ሲባል ተጨፍጭፎ ሊያልቅ ደርሶ፣ እ.ኤ.አ. በ1917 ማጥመዱ በሕግ ተከልክሎ እስከ 1954 ተዘግቶ ቆየ። መጤው ሲረባ ነባሩ መነመነ። መጤው ነባሩን በላው ማለቴ አይደለም፤ ሁለቱንም ያንቀሳቀሳቸው የሰው እጅ ነው።

የባሱን ጉዞ የመራው ሊቪንግስተን ስቶን የተባለ ሰው፣ ቀደም ብሎ እ.ኤ.አ. በ1872 በሰሜን ካሊፎርኒያ በማክላውድ ወንዝ ዳር፣ የዊንቱ ሕዝብ አገር በሆነው መሬት ላይ፣ የዓሣ ማራቢያ አቋቁሞ ነበር። በዚያ ወንዝ አካባቢ ከተሰበሰበ ዕንቁላል ቀስተ ደመናው ትራውት ወደ ዓለም ሁሉ ተበተነ። ዛሬ በየአህጉሩ ከሚገኘው የዚህ ዓሣ ዘር ብዙው የትውልድ ሐረጉ ሲመዘዝ ወደ ካሊፎርኒያ ወንዞች ይመለሳል። እንግዲህ የሳክራሜንቶ ወዳጄ ባስና የባሌ ቀስተ ደመና ትራውት በሥጋ ባይዛመዱም በአሳዳሪ ይዛመዳሉ ማለት ነው።

ወደ አፍሪካችን እንምጣ። ከደቡብ አፍሪካ ኬፕ ተነሥቶ ካይሮ ድረስ በመጓዙ የታወቀው ኢዋርት ግሮጋን፣ ኬንያ ከሰፈረ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1905 ከስኮትላንድ ሎክ ሌቨን ሐይቅ የመጣ የቡናማ ትራውት ዕንቁላል በአበርዴር ተራሮች በጉራ ወንዝ እንዲለቀቅ አደረገ። ከመርከብ ወደ ባቡር፣ ከባቡር ወደ ሰው ጭንቅላት ነበር ጉዞው። በረዶውን ተሸክመው ተራራውን የወጡት የኬንያ ሰዎች ስማቸው በዚህ ታሪክ ውስጥ የለም። ቀስተ ደመናው ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ተከተለ። ግማሽ ክፍለ ዘመን ሲያልፍ የኬንያ ደጋ ወንዞች በትራውት ተሞልተው፣ ማራቢያ ጣቢያዎች ቆመው፣ ፈቃድና ደንብ ወጥቶላቸው ነበር።

ኬንያ ነጻ በወጣችበት በ1963 እ.ኤ.አ. ብዙ የቅኝ ግዛት ዘመን ባለሙያዎች ወደ ሌላ አገር ሲያዩ፣ የኬንያ ዋና የግብርና ሹም የነበረው ሌስሊ ብራውን ፊቱን ወደ ኢትዮጵያ አዞረ። የደጋ አጋዘንን ፍለጋ ባሌን ዞረ፤ ያየውንም እ.ኤ.አ. በ1965 በታተመው ኢትዮጵያን ኤፒሶድ በተሰኘ መጽሐፉ አቀረበ። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ሐሳብም ከእንደዚህ ዓይነት ጉዞዎች ነው የተወለደው። ዓሣውን ያመጣው ብራውን ነው እያልሁ አይደለም። የምለው መንገዱ ያው መንገድ መሆኑን ነው። ተራራን ማየት፣ አውሬን መቁጠር፣ ወንዝን ከመዝናኛ ጋር ማሰብ ከናይሮቢ ወደ አዲስ አበባ በመጣ በአንድ ዐይን የታየ ነበር። ያ ዐይን ብዙ በጎ ነገር አይቷል፤ ቀይ ቀበሮ ዛሬ መኖሩ ለዚያ ዐይን ጭምር ባለዕዳ ነው። የተራራውን ሰው ግን አሻግሮ ነበር የሚያየው።

ምክንያቱም በእነዚያው ዓመታት ባሌ በእሳት ላይ ነበረች። በ1955 ዓ.ም. በኤልከሬ የተነሣው የገበሬዎችና የከብት አርቢዎች ዐመፅ ወደ ዋቤና ወደ ደሎ ተዛምቶ እስከ 1962 ዓ.ም. ቆየ። መነሻው ምስጢር አልነበረም። መሬት በቃላድ ተለካ፤ ግብር ተቆለለ፤ ግብሩን መክፈል ያቃተው ሰው መሬቱ ለሌላ ተሰጠበት፤ በቋንቋውና በሃይማኖቱ ምክንያት ደግሞ በገዛ አገሩ ከሹም ደጃፍ ተገፍቶ ተመለሰ። የደሎው ሰው ዋቆ ጉቱ ስሙ የገነነው ያኔ ነው። መንግሥት ጦርና አውሮፕላን አዘመተ። ዐመፁ በ1962 ዓ.ም. በዋቆ ጉቱ እጅ መስጠት አበቃ። ትራውቱም ወንዝ የገባው በዚህ ዘመን ውስጥና በማግሥቱ ነው።

አንድ ቀን የባሌን ዓሣ ታሪክ በወጉ የሚጽፍ ሰው ቢነሣ እነዚህን ሁለት ነገሮች በአንድ ገጽ ላይ እንዲያኖራቸው እለምነዋለሁ። በተራራው በዚህ ወገን ለጥቂት የውጭ አገር እንግዶችና ለአዲስ አበባ ሹማምንት መዝናኛ የሚሆን ዓሣ በጥንቃቄ ወደ ውኃ ይለቀቃል፤ በዚያ ወገን ገበሬ በውዝፍ ግብር ከመሬቱ ይለቀቃል። ዓሣው ምንም አላጠፋም። ነገር ግን ያለ ቅየሳ፣ ያለ ግብር፣ መሬት ሳይሆን ሙሉ ወንዝ የተሰጠው እርሱ ብቻ ነበር።

ከዚያ ወዲያ የሆነውን አንባቢ ያውቀዋል፤ በአጭሩ ልለፈው። ንጉሡ ወረዱ። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ዐዋጅ ወጣ። በ1970 ዓ.ም. የሶማልያ ጦር ተመልሶ ከወጣ በኋላ ባሌ የመንደር ምሥረታ መጀመሪያ ሆነች፤ ተበታትኖ የኖረው ሕዝብ በመስመር በተደረደሩ ጎጆዎች ሰፈረ። በ1983 ዓ.ም. ደርግ ሲወድቅ የዲንሾ አጋዘኖች ተገደሉ፤ ከዚያው ጋር ተያይዞ የእብድ ውሻ በሽታ በቀይ ቀበሮዎች ገብቶ ፈጃቸው። ይህ ሁሉ በወንዙ ዳርና ዳር ሲሆን ትራውቱ በየዓመቱ በቀዝቃዛው ወራት ኮረት ያለበትን ፈሳሽ እየፈለገ፣ እንስቲቱ በጅራቷ ጉድጓድ እየማሰች፣ ዕንቁላሏን እየቀበረች ቆየች። ያመጧት ሰዎች ሞቱ ወይም አገር ለቀቁ። ዛሬ በዳንካ የሚያዘው ዓሣ ከኬንያ የመጣ አይደለም፤ የዳንካ ተወላጅ ነው፤ ወላጆቹም አያቶቹም እዚያው ተወልደዋል።

አሁን ወደ ቀኑ።

ፈቃዳችንን ቀድመን ይዘን ስለነበር ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ዳንካ ዳር ደረስን። ሣሩ በውርጭ ነጥቷል። አብሮኝ የመጣው የፓርኩ ስካውት ጎልማሳ የአካባቢው ሰው ነው፤ ወፍራም ካፖርት ደርቦ፣ ፊቱን በሻሽ ሸፍኖ ዐይኖቹ ብቻ ይታያሉ። እኔ ከአንድ ወዳጄ የተዋስሁትን ዘንግ ይዣለሁ። ጫፉ ላይ የታሰረው ሰው ሠራሽ ዝንብ ነው፤ ከአውራ ዶሮ ላባና ከክር የተጠቀለለች፣ ከሩቅ ሲያዩዋት በእውነት ውኃ ላይ ያረፈች ነፍሳት የምትመስል ትንሽ መንጠቆ። ውኃው ከወገብ አይዘልም፤ አንዳንድ ቦታ ዘልለው የሚያልፉት ነው። እንዲህ ባለ ጠባብ ውኃ ዓሣ ማጥመድ ከዓሣ አጥማጅነት ይልቅ ሌብነት ይመስላል። ጎንበስ ብሎ፣ ቁጥቋጦ ተከልሎ፣ እግርን አለዝቦ ነው።

«ጋሼ፣ ጥላዎ ውኃው ላይ እንዳያርፍ» አለኝ ስካውቱ በሹክሹክታ። «ጥላ ካየ ለግማሽ ቀን አይወጣም።»

ፀሐይዋ ከጀርባዬ ነበረች፤ ተሻግሬ ዞርሁ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሰዓታት ያለ ፍሬ አለፉ። ዝንቧ ሣር ላይ ተያዘች፤ አስታ ቁጥቋጦ ላይ ተያዘች፤ አንድ ጊዜ በገዛ ጋቢዬ ላይ ተያዘች። ስካውቱ ፊቱን አዙሮ ሳቀ። ፀሐይ ከፍ ብላ ውርጩ ሲቀልጥ ግን ነፍሳቱ መውጣት ጀመሩ፤ ውኃው ላይም እንደ ዝናብ ነጠብጣብ ያለ ክብ ክብ ታየ። ከአንድ ድንጋይ ጀርባ ወረወርሁ። ዝንቧ ሁለት ክንድ ያህል ተንሳፈፈችና ጠፋች። ዘንጉ ጎበጠ።

ትልቅ አልነበረም፤ ከስንዝር ትንሽ የሚያልፍ ነው። እጄ ላይ ሳወጣው ብርዱ ከውኃው ይልቅ ከእርሱ የሚመነጭ ይመስል ነበር። ቡናማ ነው፤ በቀይ ነጠብጣቦቹ ዙሪያ ነጣ ያለ ቀለበት አለ። ስኮትላንድ ሎክ ሌቨን፣ ጉራ ወንዝ፣ ዳንካ፤ ሁሉም መዳፌ ላይ ሆኖ አፉን ይከፍታል፣ ይዘጋል። ቀጥሎ የያዝሁት ትንሽ ስለነበር ለቀቅሁት። ሦስተኛውን ስካውቱ ራሱ ያዘው፤ የእኔን ዘንግ ትቶ፣ ከኪሱ ባወጣው ክርና ትል፣ በአንድ ውርወራ። ዘንጌን ወደ መሬት አጋደምሁት።

እሳት አንድደን ሁለቱን ዓሦች ጠበስን። ዓሣ ይበላ እንደሆነ ጠየቅሁት።

«አባቴ በሕይወቱ ዓሣ አልቀመሰም» አለኝ። «የወንዝ እባብ ነው ይል ነበር። ላምና ገብስ ያለው ሰው እባብ ለምን ይበላል? እኔ እበላለሁ፤ ፈረንጆቹ ሲበሉ አይቼ ነው የጀመርሁት። ልጆቼ ደግሞ ካላመጣህልን ብለው ይጣሉኛል።»

ይህ የእርሱ አባት ነገር ብቻ አይደለም። ከብት በማርባት የኖሩ ብዙ የኩሽ ቋንቋ ተናጋሪ ሕዝቦች፣ ኦሮሞውም ሶማሌውም፣ ከጥንት ዓሣን ከምግብ እንዳልቆጠሩት ተመራማሪዎች ደጋግመው ጽፈዋል። ላም ያለው ሰው ወደ ወንዝ የሚወርደው ሊያጠጣት ነው። ስለዚህ ትራውቱ ሲለቀቅ የአካባቢውን ሰው ጉርሻ አልነካም፤ የአካባቢውንም ሰው አላጎረሰም። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በወሎ ሐይቅ እስጢፋኖስ እ.ኤ.አ. በ1978 ቆሮሶ ሲለቀቅ ዓላማው ሌላ ነበር፤ ሕዝብ ይብላው ተብሎ ነው፤ ሕዝብም በላው። የባሌው ዓሣ ግን ለስፖርት መጥቶ፣ ሦስት ትውልድ ቆይቶ፣ በስካውቱ ልጆች ሳህን ላይ ነው ምግብ የሆነው። ማንም ባላቀደው መንገድ ማለት ነው፤ እኔ ደግሞ ከታቀደው ይልቅ ይህኛውን ወደድሁት።

እዚህ ላይ ትራውቱን የወደድሁ አስመስሎ የሚያስመሰክርብኝን ነገር ሁሉ ተናግሬያለሁና፣ የሚከስሰውንም ልናገር። በካሊፎርኒያ ከፍተኛ ተራሮች፣ ዓሣ በማያውቁ ሐይቆች ትራውት በተለቀቀ ጊዜ፣ ቢጫ እግር ያላቸው የተራራ እንቁራሪቶች ጨንገሬዎቻቸው እየተበሉ ከብዙ ሐይቆች ጠፍተዋል፤ በኋላ ዓሣውን በመረብ አውጥተው ሲጨርሱ እንቁራሪቶቹ የተመለሱበት ቦታ አለ። የቪክቶሪያ ሐይቅን የናይል ፐርች ታሪክ ደግሞ ያልሰማ የለም፤ በአንድ መጤ ምክንያት በመቶ የሚቆጠሩ ነባር ዝርያዎች አልቀዋል። የባሌ ተራሮችም በዓለም ሌላ የትም የማይገኙ የእንቁራሪትና የጉርጥ ዝርያዎች አሏቸው። በሐረና በኩል በጥቂት ቀዝቃዛ ምንጮች ብቻ የሚኖር፣ ሳይንስ እ.ኤ.አ. በ1991 የመዘገበው፣ ከአውራ ጣት የማይበልጥ አንድ እንቁራሪት ዛሬ ሊጠፉ ከተቃረቡት ተርታ ነው። የከብት ኮቴ የምንጩን ዳር ይረግጣል፤ ደኑ ይመነጠራል። እ.ኤ.አ. በ2023 ፓርኩ በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ የተቆጠረለት ሀብት እነዚህ ነባሮቹ ናቸው እንጂ ትራውቱ አይደለም። ስለዚህ ማንም ተነሥቶ በሌላ የባሌ ምንጭ ትራውት ልልቀቅ ቢል እቃወመዋለሁ። ያለውን አውጡ ቢሉኝ ግን ስካውቱን ልጆች አስባለሁ።

ከረፋዱ አምስት ሰዓት ሳይሞላ ተሰናብቼው መንገድ ጀመርሁ። ሮቤን አልፌ፣ ጎባ ቡና ጠጥቼ፣ የሳነቴን መንገድ ወጣሁ። 4,000 ሜትር ላይ ጅብራው እንደ ዘበኛ ቆሟል፤ ፍልፈሎች ከጉድጓዳቸው አንገታቸውን ብቅ አድርገው ይመለሳሉ። ስለ ሳነቴ ብዙ ተጽፏልና አልፈዋለሁ። ለዚህ ጽሑፍ የሚያስፈልገው ውኃው ነው። ከዚህ አምባ በሰሜን የሚወርደው ውኃ ወደ ወይብ ይገባል፤ ወይብ ሶፍ ዑመርን ሰንጥቆ በቆላው ይዞራል። በደቡብ የሚወርደው በሐረና ደን ውስጥ ተሹለክልኮ ያዶትን ይሆናል፤ ያዶትም በደሎ መና በኩል አልፎ ወደ ገናሌ ያዘነብላል። ሁለቱ ወገኖች ከብዙ መቶ ኪሎ ሜትር በኋላ በዶሎ አዶ በኩል ተገናኝተው፣ ጁባ ተብለው፣ ሶማልያን አቋርጠው ሕንድ ውቅያኖስ ይገባሉ። በካርታ ላይ ከዳንካ ተነሥቶ በውኃ ብቻ ያዶት መድረስ ይቻላል። ትራውት ግን አይችልም። ውኃው ከ20 ዲግሪ ሲያልፍ ይጨንቀዋል፤ 25 ሲደርስ ይሞታል። ወይብ ወደ ቆላ ሲወርድ አንድ ቦታ ላይ፣ ድንጋይ ያልተተከለበት፣ ቀያሽ ያላየው ድንበር አለ፤ ዓሣው እዚያ ይቆማል።

የሐረና ቁልቁለት አስታውን፣ ኮሶውን፣ ቀርከሃውን፣ ዝግባውን እያሳየ አወረደኝና ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ 1,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ካላት ደሎ መና ገባሁ። ጠዋት ጋቢ ለብሼ የተንቀጠቀጥሁ ሰው ሸሚዜን ፈትቼ ወደ ያዶት ወረድሁ። ሦስት ልጆች ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል፤ በእጃቸው የቀርከሃ ዘንግ፣ የናይሎን ክር፣ በቆርቆሮ የተቋጠረ ትል። ከጎናቸው በሣር የተሸፈኑ ሁለት ዓሦች። ቅርፊታቸው ሰፋፊና ወርቅማ፣ ከንፈራቸው ወፍራም፣ አፋቸው ዳር ዳር ላይ አራት ቀጫጭን ጢም። ባርበስ የሚባለው ወገን ነው።

«ምንድን ነው ስሙ?» አልሁት ትልቁን ልጅ።

«ቁርጡሚ» አለኝ። ዓሣ ማለት ነው በኦሮምኛ። ሌላ ስም አያስፈልገውም፤ በዚህ ውኃ ዓሣ ማለት እርሱ ነው።

የዚህ ወገን አንዱ ዝርያ ግን በሳይንስ መዝገብ ስም አለው። ቦቴጎ የተባለው ጣሊያናዊ መኮንን እ.ኤ.አ. በ1892 እና 1893 የገናሌንና የጁባን ምንጭ ፍለጋ በዚህ አገር ካለፈ በኋላ፣ ቪንቺጉዌራ የተባለ የአገሩ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1895 ዓሣውን መዘገበውና በወንዙ ስም ጋናነንሲስ አለው። ቦቴጎ የመጣው ካርታ ሊሠራ ነው፤ ካርታው ለምን እንደሚፈለግ ከዐድዋ ታሪክ እናውቃለን። ትራውትን አምጥተውልን ስም ሳይሰጡት ቀሩ፤ ባርበስን ደግሞ ስም ሰጥተውት ወሰዱ።

ትንሽ ከፍ ብሎ ከድንጋይ ላይ አንድ ሽማግሌ ጀበና በመሰለች ፕላስቲክ ውዱእ ያደርጉ ነበር። ሲጨርሱ ሰላም አልኋቸው፤ ቦታ ለቀቁልኝ። ጠዋት ስለያዝሁት ዓሣ፣ ያ ዓሣ ስለ መጣበት ዘመን አጫወትኋቸው። ዝም ብለው ሰሙኝ።

«ያኔ ልጅ ነበርሁ» አሉኝ። «አውሮፕላን ሲመጣ ከብቱን ይዘን ሐረና ውስጥ እንገባ ነበር። እሳት ማንደድ ክልክል ነው፤ ጢሱን ያያሉ። እናቴ ጥሬ ገብስ በመዳፏ ታሽ ነበር።» ወደ ውኃው አዩ። «ላይ ቤት ዓሣ ያመጡ ነበር አልህ?»

«አዎን፣ አባባ። ከኬንያ።»

«በመኪና?»

«መቼም በሆነ ነገር ጭነው ነው።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። መኪናው ነበር የገረማቸው ይመስለኛል፤ በዚያን ዘመን ወደዚህ ወገን ይመጣ የነበረው መኪና ምን ይጭን እንደነበር አስታውሰው ይሆናል። አልጠየቅኋቸውም።

ትልቁ ልጅ ግን ነገሩን ይዞት ነበር። «ጋሼ፣ ነጠብጣብ ያለው ዓሣ እዚህ ለምን አይመጣም? ውኃው አንድ አይደል?»

ስለ ዲግሪና ስለ ተፋሰስ ለማስረዳት አፌን ስከፍት ሽማግሌው ቀደሙኝ።

«ሙቀት አይችልም፤ ደገኛ ነው» አሉት።

ልጆቹ ሳቁ። ትልቁ ከቆርቆሮው ትል አውጥቶ መንጠቆው ላይ ሰካና ክሩን ወደ ያዶት ወረወረ።